የዋይፋይ ካርድ በሊኑክስ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትእዛዞቹ የተጻፉት ሲነበቡ በሚሰሙበት ድምፅ ነው፤ ተርሚናል ላይ በትንንሹ የላቲን ፊደል ይተይቧቸው።

ኡቡንቱ ጫንኩ፤ የዋይፋይ ምልክቱ ግን የለም። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። እስከ ትናንት በዊንዶውስ ሲሠራ የነበረ ካርድ ሊኑክስ ስለተጫነ አይሞትም። ካርዱን ከሚያሠሩት ፕሮግራሞች፣ ከድራይቨርና ከፈርምዌር፣ አንዱ ጎድሎታል፣ አለዚያም በቁልፍ ተዘግቷል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገሩ የቱ ላይ እንደቆመ ነው። ማሽኑ ካርዱን አየው? ድራይቨር ያዘው? ፈርምዌሩ ገባ? ካርዱ ክፍት ነው? ከራውተሩ ጋር ተስማማ? አድራሻ ተሰጠው? በዚሁ ቅደም ተከተል ይሂዱ። ምንም ሳያጣሩ ከየቦታው ያገኙትን ስክሪፕት ማስኬድ አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል፤ ብዙ ማሽኖች ላይ አንድ ካርድ የሚሻሙ ሁለት ድራይቨሮች የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ካርዴ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ላፕቶፑ ውስጥ ላለ ካርድ «ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ» ብለው «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን መስመር ይፈልጉ። መስመሩ መጨረሻ ላይ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ሁለት መለያዎች አሉ። የመጀመሪያው አምራቹን ይናገራል፦ 8086 ኢንቴል፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 168ሲ አተሮስ፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ ነው። ሁለተኛው ቺፑን ይለያል። እርዳታ ሲጠይቁም ሆነ መፍትሔ ሲፈልጉ ይህን መለያ ይዘው ይነሱ፤ «ዴል ላፕቶፕ ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ አንዱ ሞዴል ሦስት ዓይነት ካርድ ተገጥሞለት ሊወጣ ይችላል።

እዚያው ከሥር «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ካለ ድራይቨር ይዞታል። መስመሩ ከሌለ ያልያዘው ድራይቨሩ ነው። በዩኤስቢ ለሚሰካ ካርድ «ኤልኤስዩኤስቢ» ይበሉ፤ እዚያ የሪልቴክ መለያ 0ቢዲኤ ነው። በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ካርዱ ጭራሽ ካልታየ ነገሩ ከሊኑክስ በታች ነው፦ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈት ቅንብር) ውስጥ ገብተው ዋየርለስ የሚለው እንዳልጠፋ ይዩ፣ ከዚያ ላፕቶፑን ከፍተው ካርዱ በደንብ መቀመጡን ያረጋግጡ።

ድራይቨርና ፈርምዌር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ድራይቨር በከርነሉ፣ ማለትም በሊኑክስ እምብርት፣ ውስጥ ሆኖ ካርዱን የሚያዝ ኮድ ነው። ፈርምዌር ደግሞ ካርዱ ላይ ባለው ቺፕ ውስጥ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ሲሆን ማሽኑ በተነሳ ቁጥር «/ሊብ/ፈርምዌር» ከሚባለው ፎልደር ወደ ካርዱ ይገባል። የኢንቴል ድራይቨር «አይደብሊውኤልዋይፋይ» ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ፈርምዌሩን ካላገኘ ግን ካርዱ አይነሳም። የድሮዎቹ የአተሮስ ፒሲአይ ካርዶች፣ በ«አት9ኬ» የሚሠሩት፣ ከውጭ የሚገባ ፈርምዌር ስለማያስፈልጋቸው ወዲያው ይሠራሉ።

የጎደለውን ለማወቅ «ሱዶ ዲሜስግ» ብለው ስለ ካርዱ የሚያወሩትን መስመሮች ያንብቡ። ለምሳሌ «ዳይሬክት ፈርምዌር ሎድ ፎር አይደብሊውኤልዋይፋይ-8265-36.ዩኮድ ፌይልድ ዊዝ ኤረር -2» ካለ፣ -2 ማለት ፋይሉ በቦታው የለም ማለት ነው፤ የሚፈልጉትንም ፋይል ከነስሙ ነግሮዎታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። የኢንቴል ድራይቨር ከአዲሱ ቁጥር ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ስለሚሞክር ሁለት ሦስት የ-2 መስመር ቢታይም ከሥራቸው «ሎድድ ፈርምዌር ቨርዥን» የሚል ካለ ሁሉም ደህና ነው። «አይደብሊውኤል-ዲበግ-ዮዮ.ቢን» የሚባለው ፋይል አልተገኘም የሚለው መልእክትም ምንም ጉዳት የለውም።

ዴቢያን ላይ ፈርምዌሮቹ በየአምራቹ ተከፋፍለዋል፦ «ፈርምዌር-አይደብሊውኤልዋይፋይ»፣ «ፈርምዌር-ሪልቴክ»፣ «ፈርምዌር-አተሮስ»። ከዴቢያን 12 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2023 ወዲህ፣ መጫኛው ራሱ ይዟቸው ይመጣል። ከዚያ በፊት በነበሩት ግን በእጅ መጨመር ነበረባቸው፤ የድሮ መመሪያዎች ይህን ያህል የሚያስጨንቁትም ለዚህ ነው።

ፈርምዌሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ያለኝ ኢንተርኔት ደግሞ ዋይፋይ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩና አንድሮይዱ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ያብሩ። ሊኑክስ እንደ ገመድ ኔትወርክ ያየዋል፤ ተጨማሪ ድራይቨር አይፈልግም። አማራጩ ደብዝዞ አልጫን ካለ መጀመሪያ ገመዱን ይቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ገመዶች ዳታ አያሳልፉም። ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ አብዛኞቹ አንድሮይዶች ያንኑ ዋይፋይ በገመዱ ያስተላልፋሉ፤ የሞባይል ዳታዎም አይነካም።

በሞባይል ዳታ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሲስተሙ ገመድ የተሰካ መስሎት ከበስተጀርባ ማሻሻያ ማውረድ ከጀመረ ጥቅልዎን በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰዋል። ወዲያው እንደተገናኙ «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ» ብለው የግንኙነቱን ስም አስከትለው «ኮኔክሽን.ሚተርድ የስ» ይበሉ። ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ ስናፕ ሴት ሲስተም ሪፍሬሽ.ሚተርድ=ሆልድ» የሚለውንም ይጨምሩ። «ሊኑክስ-ፈርምዌር» የሚባለው የኡቡንቱ ጥቅል ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው። የጎደለው አንድ ፋይል ከሆነ ያንን ብቻ በሌላ ማሽን አውርደው በፍላሽ ያምጡትና «/ሊብ/ፈርምዌር» ውስጥ ይቅዱት፤ ከዚያ «ሱዶ ሞድፕሮብ -አር አይደብሊውኤልኤምቪኤም አይደብሊውኤልዋይፋይ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ ሞድፕሮብ አይደብሊውኤልዋይፋይ» ይበሉ። ማሽኑን ማጥፋትና ማብራትም ያው ነው።

ካርዱ ይታያል፣ ድራይቨርም ይዞታል፤ ግን አልበራም ይላል።

«አርኤፍኪል ሊስት» ይበሉ። ለእያንዳንዱ ካርድ «ሶፍት ብሎክድ» እና «ሃርድ ብሎክድ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይወጣሉ። ሶፍት የሚለው «የስ» ከሆነ «ሱዶ አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል። ሃርድ የሚለው «የስ» ከሆነ ግን በትእዛዝ አይከፈትም፤ በአሮጌ ቲንክፓድና ላቲቲዩድ ጎን ላይ ያለውን ትንሽ ማንሸራተቻ፣ በሌሎቹ የአንቴና ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤፍኤን ጋር ይሞክሩ። አንዳንዴ ሁለት መዝገብ ይታያል፤ አንዱ የላፕቶፑ አምራች፣ ሌላው የካርዱ የራሱ ነው። ሁለቱም «ኖ» ማለት አለባቸው።

ማንሸራተቻም ቁልፍም ሳይኖር ሃርድ የሚለው «የስ» ካለ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። ዊንዶውስ አብሮ ካለ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ስለማያጠፋ ካርዱን እንደተዘጋ ትቶት ሊሆን ይችላል፤ ዊንዶውስ ውስጥ ገብተው ያጥፉት። ሌላው የአምራቹ ረዳት ሞጁል የተሳሳተ ምልክት መስጠቱ ነው፤ በሌኖቮ አይዲያፓድ ላይ የታወቀ ነው። «ሱዶ ሞድፕሮብ -አር አይዲያፓድ_ላፕቶፕ» ሲሉ ዋይፋዩ ከተነሳ «/ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ» ውስጥ «ብላክሊስት» ከሚለው ቃል ጋር ስሙን ጽፈው ያስቀምጡ። አንዳንድ የኤፍኤን ቁልፎች ሥራቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ።

በተርሚናል እንዴት እገናኛለሁ?

መጀመሪያ «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ስታተስ»። «ዲስኮኔክትድ» ካለ ካርዱ ዝግጁ ነው፣ የቀረው መገናኘት ብቻ ነው። «አናቬይለብል» ካለ ወደ ላይኞቹ ጥያቄዎች ይመለሱ፤ ተዘግቷል ወይም ፈርምዌር የለውም። ቀጥሎ «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ዋይፋይ ሊስት» በአካባቢው ያሉትን ያሳያል፤ «ኤንኤምሲኤልአይ --አስክ ዲቫይስ ዋይፋይ ኮኔክት» ብለው የኔትወርኩን ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡ። «--አስክ» የተጨመረው የይለፍ ቃሉ ለብቻው እንዲጠየቅና በትእዛዞች ታሪክ ውስጥ እንዳይቀር ነው። ስሙ የተደበቀ ኔትወርክ ከሆነ መጨረሻው ላይ «ሂደን የስ» ይጨመራል። ትእዛዝ መጻፍ ካልፈለጉ «ኤንኤምቲዩአይ» ሜኑ ይከፍትልዎታል።

«አንማኔጅድ» ካለ ካርዱን የያዘው ሌላ አስተዳዳሪ ነው። ዴቢያን ላይ መጫኛው የካርዱን ስም «/ኢቲሲ/ኔትወርክ/ኢንተርፌስስ» ውስጥ ጽፎት ይሆናል፤ እነዚያን መስመሮች ፊታቸው ላይ የመሰላል ምልክት አድርገው ያጥፏቸውና ግንኙነቶቹን የሚያስተዳድረውን ኔትወርክማናጀርን ዳግም ያስነሱ። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ደግሞ ሥራው የኔትፕላን ነው። ፋይሉ ውስጥ «ዋይፋይስ» የሚል ክፍል ይከፍታሉ፤ መግቢያው በስፔስ ብቻ ነው፣ ታብ ካለበት አይቀበልም። ከሩቅ የሚሠሩ ከሆነ ከ«ኔትፕላን አፕላይ» ይልቅ «ኔትፕላን ትራይ» ይጠቀሙ፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቁት የቀድሞውን ይመልሳል፣ ከማሽኑም ተቆልፈው አይቀሩም።

መመሪያው «ደብሊውላን0» ይላል፤ የእኔ ግን «ደብሊውኤልፒ2ኤስ0» ነው።

ሁለቱም የካርዱ ስም ናቸው። አዲሱ ስም ካርዱ የተሰካበትን ቦታ ይናገራል፦ አውቶቡስ 2፣ ስሎት 0። የዩኤስቢ ከሆነ «ደብሊውኤልኤክስ» ከሚለው በኋላ የማክ አድራሻው (የካርዱ የራሱ መለያ ቁጥር) ይከተላል። መመሪያው ውስጥ ያለውን ስም በራስዎ ይተኩ፤ የራስዎን «አይፒ ሊንክ» ያሳያል።

«አይደብሊውኮንፊግ» በሚለው ትእዛዝ የይለፍ ቃሌን ሳስገባ ለምን አይቀበልም?

እሱ የሚያውቀው ዌፕ የሚባለውን ያረጀና በቀላሉ የሚሰበር ጥበቃ ብቻ ነው። ዛሬ ራውተሮች የሚጠቀሙት ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 ነው፤ ለእሱ «ደብሊውፒኤ_ሰፕሊካንት» የሚባለው ፕሮግራም ያስፈልጋል። ኔትወርክማናጀር ራሱ ከኋላ የሚያሠራው እሱን ነው። ስለዚህ ኔትወርክማናጀር እየሠራ እያለ ሌላ ሰፕሊካንት በእጅ ካስነሱ ሁለቱ ካርዱን ይነጣጠቃሉ፣ ግንኙነቱም በየጥቂት ሰከንዱ ይበጠሳል። አንዱን ይምረጡ።

በእጅ የሚሠሩ ከሆነ «ደብሊውፒኤ_ፓስፍሬዝ» የኔትወርኩን ስምና የይለፍ ቃል ተቀብሎ ቁልፉን ያወጣል። ቁልፉ የሚሰላው ከሁለቱም ነው፤ የራውተሩ ስም ከተቀየረ የይለፍ ቃሉ ያው ቢሆንም ቁልፉ አዲስ መሰላት አለበት። ትእዛዙ የይለፍ ቃሉንም እንዳለ በመስመር ላይ አስቀምጦ ስለሚተው ያንን መስመር ያጥፉትና የፋይሉን ፈቃድ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበው) ያድርጉት።

የራውተሬን ስም በአማርኛ ብጽፈው ሊኑክስ ያነበዋል?

ያነበዋል፤ ግን ልኩን ይወቁ። የኔትወርክ ስም ከ32 ባይት አይበልጥም፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ከ10 ፊደል በላይ አይገባም። ስፔስ አንድ ባይት ነው፤ በስፔስ ፈንታ ሁለት ነጥብ ከተጠቀሙ እሱም ሦስት ይቆጠራል። «የእኛ ቤት» 16 ባይት ነው፣ በደንብ ይበቃዋል። የይለፍ ቃሉ ግን በደብሊውፒኤ2 ላይ ከ8 እስከ 63 የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት መሆን አለበት፤ የግዕዝ ፊደል አይሆንም።

ግራፊክስ በሌለው ጥቁር ኮንሶል ላይ የግዕዝ ፊደል አይታይም። «አይደብሊው» የሚባለው መሣሪያም ስሙን በፊደል ፈንታ ኢ1 ብለው በሚጀምሩ ኮዶች ያወጣዋል። በዚህ ጊዜ ስሙን ለመጻፍ አይታገሉ፤ «ኮኔክት» ከሚለው በኋላ በስሙ ፈንታ ዝርዝሩ ላይ ያለውን የራውተሩን ማክ አድራሻ ይስጡት፣ ይገናኛል።

«ተገናኝቷል» ይላል፣ ግን ገጽ አይከፍትም።

«አይፒ አድር» ይበሉና ካርዱ አድራሻ እንዳለው ይዩ። ከሌለው፣ ወይም በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፣ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም። አድራሻ ካለው «አይፒ ራውት» ላይ «ዲፎልት» የሚለው መስመር የራውተሩን አድራሻ ያሳያል፤ እሱን ፒንግ ያድርጉ። መልስ ከመጣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግል ሰርቨር፣ 8.8.8.8ን፣ ፒንግ ያድርጉ። እሱም ከመለሰና ገጹ ግን ካልተከፈተ የቀረው ዲኤንኤስ፣ የገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው፣ ነው። ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ ላፕቶፕዎን አይነካኩ፤ መስመሩ ራሱ ተቋርጧል ወይም ጥቅሉ አልቋል። የስልክ ቴዘሪንግ ወይም ገመድ ሳይነቀል ከቀረም ዲፎልቱ በዚያ በኩል ሊሆን ስለሚችል መንቀልዎን አይርሱ።

ይገናኛል፣ ግን ይቆራረጣል ወይም ይዘገያል።

ዋነኛው ተጠርጣሪ ባትሪ ቁጠባው ነው። ለሙከራ «ሱዶ አይደብሊው ዴቭ» ብለው የካርዱን ስም አስከትለው «ሴት ፓወር_ሴቭ ኦፍ» ይበሉ። ከተሻለው ቋሚ ያድርጉት፦ ኡቡንቱ ላይ «/ኢቲሲ/ኔትወርክማናጀር/ኮንፍ.ዲ» (የ«ኔትወርክ» ኤንና የ«ማናጀር» ኤም በትልቁ ፊደል) ውስጥ «ዲፎልት-ዋይፋይ-ፓወርሴቭ-ኦን.ኮንፍ» የሚባል ፋይል አለ፤ «ዋይፋይ.ፓወርሴቭ» የሚለውን ከ3 ወደ 2 ይለውጡ። 3 ቁጠባው ይብራ፣ 2 ደግሞ ይጥፋ ማለት ነው።

ቀጥሎ ሲግናሉን ይለኩ። «አይደብሊው ዴቭ»፣ የካርዱ ስም፣ «ሊንክ» ሲሉ በዲቢኤም ይነግርዎታል። ከ-60 የተሻለ ጥሩ ነው፣ -70 ደካማ ነው፣ ወደ -80 ከወረደ መቆራረጡ አይቀርም። ራውተሩ አጠገብ ተቀምጠው -70 ካዩ ጉዳዩ የሶፍትዌር ላይሆን ይችላል፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲከፈት የአንቴናው ሽቦ ከካርዱ ተነቅሎ ወይም አንዱ ብቻ ተሰክቶ ይቀራል። በሪልቴክ 8723ቢኢ ላይ ግን የተለየ ነው፦ ብዙ ኤችፒ ላፕቶፖች አንድ አንቴና ብቻ አላቸው፣ ድራይቨሩ ደግሞ ባዶውን ቀዳዳ ይመርጣል። «/ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ» ውስጥ «ኦፕሽንስ አርቲኤል8723ቢኢ አንት_ሰል=2» ብለው ጽፈው ማሽኑን ዳግም ያስነሱ፤ ካልተሻለው 1 ይሞክሩ።

ስልኬ የሚያየውን ኔትወርክ ላፕቶፔ አያየውም።

መጀመሪያ ካርዱ 5 ጊጋኸርትዝ የሚችል መሆኑን ይወቁ፤ «አይደብሊው ሊስት» ላይ «ባንድ 2» የሚል ክፍል ከሌለ 2.4 ብቻ ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ካለው የአገር ኮዱን ይመልከቱ። «አይደብሊው ሬግ ጌት» ሲሉ «ከንትሪ 00» ካለ ካርዱ የት አገር እንዳለ ስለማያውቅ በብዙ ቻናሎች ላይ ዝም ብሎ ያዳምጣል እንጂ ራሱ አይጀምርም። «ሱዶ አይደብሊው ሬግ ሴት» ብለው በትልቁ ፊደል «ኢቲ» ያስከትሉ፤ የኢትዮጵያ ኮድ ነው።

ከአሜሪካ የመጡ ላፕቶፖች ላይ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። በአሜሪካ ኮድ 2.4 ላይ የሚሠራው እስከ ቻናል 11 ነው፣ በኢትዮጵያና በአውሮፓ ግን እስከ 13 ይሄዳል። ራውተሩ በራሱ ቻናል 12 ወይም 13ን ከመረጠ ለአሜሪካ የተሠራው ካርድ አያየውም። ኮዱ ካርዱ ውስጥ ተቀርጾ ከመጣ በትእዛዝ አይሰፋም፤ ጥብቅ የሆነው ሕግ ያሸንፋል። አዲሶቹ የኢንቴል ካርዶችም ኮዱን ራሳቸው ነው የሚወስኑት። ቀላሉ መፍትሔ ራውተሩ ላይ ገብቶ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ማድረግ ነው።

ከርነሉ ሲታደስ ዋይፋዬ ጠፋ።

ድራይቨሩ ከከርነሉ ውጭ የተጫነ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያሉት በዲኬኤምኤስ አማካይነት ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና ይገነባሉ፤ ለዚህም የዚያው ከርነል ሄደር ፋይሎች ያስፈልጋሉ። ማሽኑ ሲነሳ ኢኤስሲ ወይም ሺፍት ተጭነው ወደ ግሩብ፣ ከርነል ወደሚመረጥበት ሜኑ፣ ይግቡ፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ከሚለው የቀድሞውን ከርነል ይምረጡ፤ ዋይፋዩ ይመለሳል። ከዚያ «ሊኑክስ-ሄደርስ-ጀነሪክ» ይጫኑና «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ላይ አዲሱ ከርነል «ኢንስቶልድ» መባሉን ያረጋግጡ።

ተገንብቶም ካልገባና «ኪይ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ» ካለ ሴክዩር ቡት፣ ያልታወቀ ፊርማ ያለውን ኮድ የማያስገባው ጥበቃ፣ ነው የከለከለው። ኡቡንቱ ሞጁሉን የሚፈርምበት ቁልፍ «/ቫር/ሊብ/ሺም-ሳይንድ/ሞክ» ውስጥ አለ፤ በ«ሱዶ ሞክዩቲል --ኢምፖርት» ያስመዝግቡት፣ ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ይስጡትና ማሽኑን ዳግም ያስነሱ። ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ 10 ሰከንድ ብቻ ይጠብቃልና ወዲያው አንድ ቁልፍ ይጫኑ፣ «ኢንሮል ሞክ» መርጠው የሰጡትን የይለፍ ቃል ያስገቡ። ይህ ስክሪን ካመለጠዎት ከ«ኢምፖርት» ጀምሮ መድገም ነው።

የውጭ ድራይቨር ግን እስከ መቼ? የሪልቴክ 8821ሲኢ ድራይቨር ከ2020 ጀምሮ፣ በከርነል 5.9፣ ከርነሉ ውስጥ ገብቷል። 8852ኤኢ በ5.16፣ አንዳንድ የዩኤስቢ ሪልቴኮች ደግሞ በ6.2 ገብተዋል። ከርነልዎ ከእነዚህ አዲስ ከሆነ የውጭውን ነቅለው በውስጡ መጠቀም ይሻላል፤ ሁለቱ አብረው ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ያሰናክላል።

ካርዴ ብሮድኮም ነው፤ የትኛውን ድራይቨር ልጫን?

መለያውን አይተው ነው የሚወስኑት። 14ኢ4፡43ኤ0 እና 14ኢ4፡4365 «ደብሊውኤል» የተባለውን የአምራቹን ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ ኡቡንቱ ላይ «ቢሲኤምደብሊውኤል-ከርነል-ሶርስ» ብለው ከመጻፍ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ከሚባለው መስኮት መምረጥ ይቀላል። 14ኢ4፡43ቢኤ ከርነሉ ውስጥ ባለው «ቢአርሲኤምኤፍማክ» ይሠራል፤ ደብሊውኤልን አይጫኑበት።

ደብሊውኤል ሲጫን ሌሎቹን የብሮድኮም ሞጁሎች ይዘጋቸዋል። የአምራቹ የመጨረሻ እትም የ2015 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከአዳዲስ ከርነሎች ጋር የሚሄደው የሊኑክስ አዘጋጆች እየጠገኑት ነው፣ ደብሊውፒኤ3ንም አያውቅም። ላፕቶፑ ማክቡክ ካልሆነ ካርዱን በኢንቴል መቀየር ከሁሉ የተሻለ ነው።

የዩኤስቢ ዋይፋይ ልግዛ ወይስ የውስጡን ካርድ ልቀይር?

ዩኤስቢ ሲገዙ ሳጥኑ ላይ ያለው ስም አይበቃም፤ የእትም ቁጥሩንም ያንብቡ። የቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን እትም 1 የአተሮስ ቺፕ አለው፣ ሊኑክስ ላይ ጥሩ ይሠራል። እትም 2 እና 3 በዚያው ስምና መልክ ሪልቴክ ናቸው፤ ባሕርያቸው ፈጽሞ ሌላ ነው። ትንንሾቹ ሪልቴኮች ሲሰኩ ደግሞ የዊንዶውስ ድራይቨር የያዘ ሲዲ መስለው ሊመጡ ይችላሉ፤ «ኤልኤስዩኤስቢ» ላይ 0ቢዲኤ፡1ኤ2ቢ ካዩ ያ ነው። የ«ዩኤስቢ-ሞድስዊች» ጥቅልን ጭነው ነቅለው ሲሰኩት ወደ ዋይፋይነት ይለወጣል።

የውስጡን ለመቀየር የኢንቴል ኤኤክስ200 ወይም ኤኤክስ210 ይፈልጉ፤ 200 ቢያንስ ከርነል 5.1፣ 210 ደግሞ 5.10 ይፈልጋል። ኤኤክስ201 እና 211 ግን መልካቸው አንድ ቢሆንም የሚሠሩት በተወሰኑ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ብቻ ነው፣ በስህተት እንዳይገዙ። የድሮ ሌኖቮና ኤችፒ ላፕቶፖች ያልፈቀዱትን ካርድ ባዮሳቸው ይከለክላል፤ ቲንክፓድ 1802፣ ኤችፒ 104 የሚል ስህተት አውጥተው ይቆማሉ። በእነዚህ ላይ ዩኤስቢ ይሻላል።

ፍሪቢኤስዲ ወይም ኦፕንቢኤስዲ ላይ እንዴት ነው?

ሁለቱም ከሊኑክስ የተለዩ ሲስተሞች ናቸው። ኦፕንቢኤስዲ ላይ በጣም አጭር ነው። «ኤፍደብሊው_አፕዴት» ፈርምዌሩን ያመጣል። ከዚያ «/ኢቲሲ/ሆስትኔም» ከሚለው ስም ቀጥሎ ነጥብና የካርዱን ስም፣ ለምሳሌ «አይደብሊውኤም0»፣ አድርገው ፋይል ይፍጠሩ። በመጀመሪያው መስመር «ጆይን»፣ የኔትወርኩ ስም፣ «ደብሊውፒኤኪይ»፣ የይለፍ ቃሉ፤ በሁለተኛው «አይኔት ኦቶኮንፍ»። «ኤስኤች /ኢቲሲ/ኔትስታርት» ወይም ዳግም ማስነሳት ይበቃል።

ፍሪቢኤስዲ ላይ በካርዱ ላይ ሌላ «ደብሊውላን0» ይፈጠራል። «/ኢቲሲ/አርሲ.ኮንፍ» ውስጥ «ደብሊውላንስ_አይደብሊውኤም0» እኩል «ደብሊውላን0»፣ ቀጥሎ «አይኤፍኮንፊግ_ደብሊውላን0» እኩል «ደብሊውፒኤ ሲንክዲኤችሲፒ» ይጻፋል፤ እነዚህ የመጨረሻ ሁለት ቃላት በትልቁ ፊደል ናቸው። የካርዱን ስም «ሲስሲቲኤል ኔት.ደብሊውላን.ዲቫይስስ» ይነግርዎታል።

የዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ በስልኬ ይሠራል፣ በሊኑክስ ግን የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ይጠይቃል።

የተጠቃሚ ስም የሚጠይቅ ኔትወርክ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ይመረምራል፣ ሰርተፍኬት ደግሞ ቀን አለው። የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ ያለቀበት ላፕቶፕ ኃይል በተቋረጠበት ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሰርተፍኬቱም «ገና አልጀመረም» ተብሎ ይጣላል። በእጅ ሲያስተካክሉም ይጠንቀቁ፤ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፉ ማሽኑ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። «ታይምዴትሲቲኤል» ያለውን ያሳያል፤ ቀጠናውን «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ያድርጉት፤ የየቃሉ መጀመሪያ በትልቁ ፊደል ነው።

ሰዓቱ ልክ ከሆነ «ጆርናልሲቲኤል -ዩ ደብሊውፒኤ_ሰፕሊካንት» ያንብቡ። «አንሴፍ ሌጋሲ ሪኔጎሲዬሽን ዲሰብልድ» የሚል ካዩ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፦ ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ያለው ኦፕንኤስኤስኤል 3 ያረጀውን የሰርቨር አሠራር አይቀበልም። ያንን መስመር ቀድተው ለአይቲ ክፍሉ ይስጡ፤ መስተካከል ያለበት ሰርቨሩ ነው።

በአንድ ካርድ ዋይፋይ እየተቀበልኩ ሆትስፖት መክፈት እችላለሁ?

በካርዱ ይወሰናል። «አይደብሊው ሊስት» ላይ «ሰፖርትድ ኢንተርፌስ ሞድስ» ሥር «ኤፒ» ከሌለ ሆትስፖት ጭራሽ አይከፍትም። ካለ ወደ «ቫሊድ ኢንተርፌስ ኮምቢኔሽንስ» ይውረዱ። «ማኔጅድ» እና «ኤፒ» በአንድ ጥምረት ውስጥ ከተገኙ ሁለቱን አብሮ ይችላል፤ መጨረሻው ላይ «ቻናልስ <= 1» ካለ ግን ሆትስፖቱ ከተቀበሉት ዋይፋይ ጋር በአንድ ቻናል ላይ መሆን አለበት። የሚቀበሉት በ5 ጊጋኸርትዝ ከሆነና ያ ቻናል «ኖ አይአር» የሚል ምልክት ካለበት ካርዱ እዚያ ሆትስፖት አይጀምርም፤ በኢንቴል ካርዶች የሚያጋጥመው ይህ ነው። ከራውተሩ ጋር በ2.4 ይገናኙና እንደገና ይሞክሩ።

ኔትወርክማናጀር «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ዋይፋይ ሆትስፖት» ሲባል በዚያው ካርድ ላይ ያለውን ግንኙነት አቋርጦ ነው የሚከፍተው። አብሮ እንዲሄድ «ሱዶ አይደብሊው ዴቭ»፣ የካርዱ ስም፣ «ኢንተርፌስ አድ ኤፒ0 ታይፕ __ኤፒ» ብለው ሁለተኛ ስም ይፍጠሩና ሆትስፖቱን «አይኤፍኔም ኤፒ0» ብለው በእሱ ላይ ይክፈቱት። ፍጥነቱ ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል፤ አንዱ ሬዲዮ ሁለቱንም ስለሚያገለግል። ኢንተርኔቱ በገመድ ወይም በስልክ ቴዘሪንግ የሚመጣ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ካርዱ ነፃ ስለሆነ የመጀመሪያው ትእዛዝ ብቻውን ይበቃል።